የጤናው ሒሳብ ለሕዝብ ይነበብ

በሚያዝያ ወር 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በናይጄሪያ ዋና ከተማ በአቡጃ ተሰብስበው አንድ ቃል ገቡ። ይኸውም ከየዓመቱ የመንግሥት በጀት ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን ለጤና ለማዋል ነበር። ኢትዮጵያም በዚያ ቃል ውስጥ አለችበት። እነሆ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ተመርቆ፣ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ቆየ፤ ቃሉ ግን ገና አልተፈጸመም። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። በእኛ አገር ግን የተናገሩትም ጠፋ፣ ከወለዱትም ስንቱ ጠፋ!

ይህን የምንጽፈው ገንዘቡ አነሰ ብለን ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ማነሱንማ በየጤና ጣቢያው ደጅ የተሰለፈው ሕዝብ ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ለጤና የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው? ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ? የተባለው ሳይደረግ ሲቀር ስሙና ማዕረጉ ታውቆ የሚጠየቀው ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስካልተሰጠ ድረስ የጤና ፖሊሲ የሚባለው ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፍም።

ይህን ለመጠየቅ የማንንም ችሮታ አንለምንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንኛውም ኀላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኀላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ባለሥልጣኖቻችን ግን ሁልጊዜ ወደ አንቀጽ 90 መሸሽ ይቀናቸዋል፤ እዚያ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ቃል አለና። መልካም፤ አቅም ይፈቀድ። ነገር ግን አቅማችን ይህን ያህል ነው ለማለት የሚችለው ሒሳቡን ያየ ሰው ብቻ ነው። ሒሳቡ ተደብቆ አቅም የለም ማለት፣ ሳጥኑን ቆልፎ ውስጡ ባዶ ነው ብሎ እንደ መማል ነው።

ሚዛናችን እንዳይዛባ የተሠራውንም እንናገራለን። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወረደ። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንፃር 871 የነበረው የእናቶች ሞት በዚሁ ጊዜ 412 ሆነ። ለዚህ ትልቁን ሸክም የተሸከሙት በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት፣ ከቤት ቤት በእግራቸው የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እንግዲህ ዕቅድና ሰው በአንድነት ሲሰለፉ በድኻ አገርም ቢሆን ሞት እንደሚሸነፍ ታይቷል። ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው። መንገዱ ሳይታወቅ ቢቀር ኖሮ ባልተቆጨንም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የጤና ሚኒስቴር ራሱ ባወጣው ብሔራዊ የጤና ሒሳብ እንደተገለጸው፣ በ2012 የበጀት ዓመት ለጤና ከወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ ከመንግሥት፣ ሲሶ ያህሉ ከውጭ ረጂዎች፣ የቀረው ሲሶ ግድም ደግሞ ከታማሚው ኪስ የወጣ ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ሲሆን ታትሞ የሚወጣውም ዘመኑ ካለፈ በኋላ ነው። ያለፈውን ሳያውቅ የዘንድሮውን በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት በጨለማ መርፌ ክር እንደሚያስገባ ሰው መሆኑ አይደለምን?

ከሦስቱ ክፉው ከታማሚው ኪስ የሚወጣው ነው። ግብር ቢያንስ እንደ ገቢው ይጠየቃል፤ ይህ ግን ሰው በታመመበት ቀን፣ ጉልበቱ በደከመበት ቀን፣ ልጁን ታቅፎ በመጣበት ቀን የሚጠየቅ ግብር ነው። ገበሬው በሬውን ሽጦ ይከፍለዋል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት ምን ይዞ ያርሳል? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለው እንኳ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ የሚታከም ሕዝብ ሆነናል።

ሁለተኛው ሲሶ የሰው እጅ ነው። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ብዙም ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በሌላ አገር አንድ ሰው ወረቀት ላይ ስለ ፈረመ በእኛ አገር የኤችአይቪና የሌሎች በሽታዎች አገልግሎት ሠራተኛ አጣ። እርዳታውን ያገደውን መንግሥት መውቀስ ቀላል ነው፤ የገዛ ገንዘቡ ነውና ግን መንግሥታችን ሊጠይቀው አይችልም። እኛ የምንጠይቀው የራሳችንን ነው። እርዳታ አንድ ቀን እንደሚቆም እየታወቀ ለዚያ ቀን ምን ተዘጋጅቶ ነበር? ያልተዘጋጀውስ ማን ነው?

የመንግሥት በተባለው ሲሶ ውስጥም ተጠያቂው ወዲያና ወዲህ ይሸሻል። እንደሚታወቀው የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉ ለወረዳ ያከፋፍላል፤ የነርሷን ደመወዝ የሚከፍለውም ወረዳው ነው። ሥልጣን ወደ ታች መውረዱን አንጠላም። የምንጠላው ሥልጣኑ ሲወርድ ተጠያቂነቱ መንገድ ላይ መቅረቱን ነው። ሚኒስቴሩ ሲጠየቅ የክልል ጉዳይ ነው ይላል፤ ክልሉ ወረዳውን ያመለክታል፤ ወረዳው ደግሞ ከላይ አልተለቀቀልኝም ይላል። ምርቃት ሲሆን ግን ሦስቱም ሪባን ለመቁረጥ አብረው ይሰለፋሉ።

ሕግም ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር አይተናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 ደመወዝተኛውና አሠሪው በየወሩ እያዋጡ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ እንዲታከም ይላል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአሥር ዓመት በላይ ሲገፋ ኖረ። መዋጮው ከበዳቸው የሚሉ መምህራንና ሠራተኞች መኖራቸውን እናውቃለን፤ የሕክምና ጥራቱ ሳይሻሻል ለምን እንከፍላለን ማለታቸውም ተገቢ ነው። ያም ሆኖ አዋጁ ወይ ይፈጸም፣ ወይ ይሻሻል፣ ወይ በግልጽ ይሻር። ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ያልተሠራበት አዋጅ ለአውጪው ምክር ቤት ውርደት ነው።

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል ጠይቀው በቂ መልስ ስላላገኙ ከፊል የሥራ ማቆም አድማ መቱ። መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ አለው፤ በርካቶችም ታሠሩ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም ታማሚ እንደሚጎዳ አንክድም። ነገር ግን ሐኪሙን ከታማሚው ጋር የሚያጣላው ማን እንደሆነ እንወቅ። ሰባት ዓመት የተማረ ሰው የቤት ኪራይ ከፍሎ ምግብ ካልተረፈው፣ ጓንትና መድኃኒት በሌለበት ክፍል ተረኛ ሆኖ ካደረ፣ በሽተኛው ፊት የሚቆመው እርሱ ነው፤ በጀቱን የቆረጠው ባለሥልጣን ግን በዚያ ሌሊት አይታይም። ስድቡንም ድንጋዩንም የሚቀበለው ነጭ ካፖርት የለበሰው ነው። ከመካከላችን የሕክምና፣ የነርስነትና የፋርማሲ ተማሪዎች የሆኑት ነገ የሚቆሙት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ክርክር ብቻ ለሚመስለው ወባን እናስታውሰው። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዓላማውም የጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት ወደ ገጠር እንዲወርዱ ነበር። በ1951 ዓ.ም. ግድም የደረሰው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። ከዚያ ወዲህ አጎበርና ኬሚካል፣ ምርመራና መድኃኒት ወባን ወደ ኋላ መልሰውት ነበር። ዳሩ ግን ከታኅሣሥ 2016 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ እንደ ታመሙ፣ 1,157 ሰዎችም እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገለጸ። ጦርነቱም፣ የአየሩ መለዋወጥም፣ በከተማ የሚራባው አዲሱ ትንኝም ድርሻ አላቸው። ትንኝ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም፤ ርጭቱ አንድ ክረምት ከዘገየ ዕዳውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

«አገሪቱ ድኻ ናት፣ ጦርነትም ደቁሷታል» የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። እውነት ነው። ሆኖም ብር የተትረፈረፈው ሰው ሒሳብ ባይዝ ትርፉ ይቀርበታል፤ ድኻ ሒሳብ ባይዝ ግን ልጁ ይራባል። ድህነት ሒሳብ ለመጠየቅ ምክንያት ነው እንጂ ላለመጠየቅ ምክንያት ሊሆን ከቶ አይችልም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን በፊት፣ ምክር ቤቱ በጀት ከማጽደቁ አስቀድሞ፣ ያለፈው ዓመት የጤና ገንዘብ ምን ያህል እንደ ተመደበ፣ እንደ ተለቀቀና ሥራ ላይ እንደ ዋለ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ተዘርዝሮ ይታተም።

ሁለተኛ፣ የመቶ 15ቱ ቃል በየዓመቱ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ የጤናና የገንዘብ ሚኒስትሮች በሕዝብ ፊት ቀርበው ይመልሱ።

ሦስተኛ፣ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ በር ላይ የዓመቱ በጀት፣ ከታካሚ የተሰበሰበው ገቢና የጠፉት መድኃኒቶች ዝርዝር በአካባቢው ቋንቋ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ በእስር ሳይሆን በድርድር ይመለስ።

መምህራኖቻችንንም እንለምናለን። የኢኮኖሚክስ መምህር በጀት ማንበብን፣ የሕግ መምህር አንቀጽ 41ን፣ የሕክምና መምህር ደግሞ በሽተኛው ለምን ዘግይቶ እንደ መጣ ከሰሌዳው ላይ አውጥተው ከዚሁ ከአገራቸው ጉዳይ ጋር ያስተምሩን። ተማሪውም ለዕረፍት ወደ ትውልድ ወረዳው ሲመለስ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ብሎ «በጀታችሁ ስንት ነው? ስንቱስ ተለቀቀ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ፤ ያገኘውንም መልስ፣ የተከለከለውንም መልስ፣ ለዚህ ጋዜጣ ያምጣ። እኛም እናትማለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሒሳቡን የደበቀ መንግሥትም እንዲሁ ነው።