ፈጥና የምትቀርብ ጀልባና የጦር መርከብ ምላሽ

ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች በአቃቂ አልፈው ቃሊቲ ይገባሉ። ከወደቡ ጥቂት ወደ ሰሜን ያለው ባብ ኤል መንደብ የብዙ አገሮች የጦር መርከቦች የሚመላለሱበት ሲሆን፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩ ወገኖቻችንም ያንኑ ባሕር ይቀዝፋሉ። የጦር መርከብ ፈጥና ለምትቀርበው ትንሽ ጀልባ ምን ምላሽ ይስጥ የሚለው ጥያቄ እኛንም የሚነካው ስለዚህ ነው።

ስጋቱ መሠረት አለው። ጥቅምት 2 ቀን 1993 ዓ.ም. በኤደን ወደብ ነዳጅ ትቀዳ የነበረችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮል ፈንጂ በጫነች ትንሽ ጀልባ ተመትታ 17 ባሕርተኞች ሞተዋል። ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ቱተር የተባለችው የንግድ መርከብ ሰው አልባ ጀልባ መትታት ኋላ ሰጥማለች።

በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የምትከንፍ ጀልባ አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አትዘገይም። አዛዡ በሬዲዮ፣ በጥሩምባ፣ በብርሃን ያስጠነቅቃል፤ አቅጣጫ ይለውጣል፤ ቀጥሎም ከጀልባዋ ፊት ለፊት ውኃው ላይ ይተኩሳል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፦ በቀይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዳይቀደድ ወደ መርከብ ይገሠግሣሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ለመጠበቅ መሣሪያ ይይዛሉ። በሩቅ ለሚያይ ከአጥቂ አይለዩም። የካቲት 2004 ዓ.ም. በአንድ የጣሊያን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ የነበሩ ወታደሮች በሕንድ ጠረፍ ሁለት ዓሣ አጥማጆችን የገደሉት የባሕር ወንበዴዎች መስለዋቸው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ በዱባይ አቅራቢያ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በተተኮሰ ጥይት አንድ ሕንዳዊ ዓሣ አጥማጅ ሞተ። ባሕር ኃይሉ አስቀድሜ አስጠንቅቄአለሁ ሲል፣ የተረፉት ግን ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም አሉ። የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሁሉ የተሰማ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ቅዱስ ባስልዮስ በጦርነት የሚገድሉትን ከነፍሰ ገዳዮች ባይቆጥራቸውም፣ ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ መክሯል። መከላከልን አልነቀፈም፤ የፈሰሰውን ደም ግን ቀላል አላደረገውም።

ስለዚህ የመጨረሻው አማራጭ ሞተሩን መትቶ ማስቆም ነው ሲባል፣ የኦቦክን ጀልባ ማሰብ ይገባል። ተሳፋሪው ተጨናንቆ ሞተሩ ሥር ሳይቀር ተቀምጧል፤ መሪውን የያዘው ደላላው እንጂ እርሱ አይደለም፤ በሬዲዮ የሚነገረውም አይደርሰውም። መጋቢት 2009 ዓ.ም. በሁዴይዳ አቅራቢያ ሶማሌያውያን ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ተመትታ ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሰው የሞላባት መሆኗ ከታወቀ መርከቡ ራሱ ሊርቅ፣ ተከትሎም ሊጠብቃት፣ ብትሰጥምም ነፍስ ሊያድን ይገባል፤ በባሕር ላይ በአደጋ ያለን ሰው ማዳንን የባሕር ሕግም ያዝዛል።