በአህያ የተጫነ ዲሽ

ዛሬ ስለ ዲሽ እንነጋገራለን።

ለገና በዓል ላሊበላ ላይ ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ድንኳን ተክሎ ሻይና ዳቦ የሚሸጥም አለ። እስቲ አንድ ነጋዴ ከገነተ ማርያም ቴሌቪዥኑንና ዲሹን በአህያ ጭኖ ሄደ እንበል። ድንኳኑ ውስጥ ምስል ከታየ ገበያው ይደራለታል። ምስሉ እምቢ ካለስ? ባለሙያ ጠርቶ ይከፍላል። የበዓሉ ትርፍም እዚያው ይቀራል። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው ግን ዲሹን ራሱ ሊተክል ይችላል።

ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ምስሉ የሚሠራጨው መሬት ላይ ከቆመ ረጅም ምሰሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥርጭት ተራራ ይጋርደዋል። ሳተላይት ግን ከሰማይ ይልካል። ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ፣ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መሣሪያ ነው። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል።

በ2012 ዓ.ም. ብዙ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ካለ ሳተላይት መተላለፍ ጀመሩ። ናይልሳትን ለማግኘት ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው ዲሽ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ከላስታ ስናይ ቦታው በምሥራቅና በደቡብ መካከል፣ ወደ አናታችን ቀረብ ብሎ ነው። ስለዚህ ሩቅ ያለ ተራራ አያግደውም። አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ ግን ያግደዋል።

ታዲያ ቤት ሳለ በደንብ ይሠራ የነበረን ዲሽ እንዴት እናጓጉዘው?

1. ዲሹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገውን ብሎን አትፍቱ። ለሳተላይቱ የአንድ ቀን መንገድ እንደ አንድ እርምጃ ነው። ዲሹ ቀና ያለበት ልክ ላሊበላም ያገለግላል። ሰሐኑ እንዳይጎብጥ በጨርቅ ጠቅልሉት።

2. ብረቱን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ድንጋይ በክር አስራችሁ አንጠልጥሉ። ግንበኛ ቱንቢ የሚለው ነው። ብረቱ ከክሩ እኩል ይቁም። ብረቱ ከተጣመመ፣ ብሎኑን ሳይፈቱ መምጣት አይጠቅምም።

3. ለሁለት ሁኑ። አንዱ ዲሹን ወደ ጎን ብቻ፣ ቀስ እያለ ያዙር። ሌላው የቴሌቪዥኑን መስኮት ያንብብ። ሪሲቨሩ ሁለት መስመር ያሳያል። አንዱ ኃይል፣ ሌላው ጥራት ነው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን የተማርነው ቁጥር ነው። የኃይሉ ቁጥር ዲሹ ሳይስተካከልም ሊታይ ስለሚችል አያታልላችሁ። ሳተላይቱ ሲገኝ ከዜሮ ተነሥቶ የሚወጣው ጥራት ነው። እሱን ተከተሉ።

4. ጥራቱ ከሁሉ ከፍ ሲል ብሎኑን አጥብቁ። ሲጠብቅ ሊንሸራተት ስለሚችል ቁጥሩን እንደገና አንብቡ።

ዲሹን ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አትትከሉ። ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ገመዱን ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩንም ከመብራቱ ንቀሉ።

ጥያቄዎች፦
ሀ. በመንገድ ላይ የማይፈታው ብሎን የትኛው ነው? ለምን?
ለ. ኃይሉ 80፣ ጥራቱ 0 ቢሆን ምስል ይገኛል?
ሐ. በሠፈራችሁ ዲሽ ያለው ማነው? አብራችሁ ሄዳችሁ ቁጥሩን አንብቡ።