የእጅ አንጓ ሕመም በዝምታ አይድንም

ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር መረጃ የሚያስገባ ወይም የደንበኞችን ጥሪ እያስተናገደ የሚተይብ ሠራተኛ፣ የእጅ አንጓው መጠዝጠዝ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ድካም ነው ብሎ ያልፈዋል። በባዕድ አገር እንጀራውን እንዳያጣ የሚሠጋ ከሆነ ደግሞ ለአለቃው ከመናገር ይልቅ ሕመሙን ችሎ መሥራትን ይመርጣል። ይህ ዝምታ ግን ጤናንም መብትንም ያሳጣል።

አንጓ ታጥፎ ወይም ወደ ጎን ተጣሞ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ጅማቶች ይቆጣሉ፤ በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭም ሊጫን ይችላል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሃል ጣት በተለይ ሌሊት መደንዘዛቸው የዚህ ምልክት ነው። ኪቦርዱን በክርን ከፍታ ማድረግ፣ ማውሱን ወደ ሰውነት ማቅረብ፣ አንጓን ቀጥ አድርጎ መተየብና እጅን በየጊዜው ማሳረፍ ይረዳል። መደንዘዙ ካልለቀቀ ወይም እጅ ዕቃ መጨበጥ ካቃተው ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ይሁን እንጂ የጠረጴዛውን ከፍታም ሆነ የዕረፍቱን ሰዓት የሚወስነው አሠሪው ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ይህን ተገንዝቦ በ1990 ባወጣው መመሪያ፣ አሠሪዎች የኮምፒዩተር የሥራ ቦታዎችን እንዲገመግሙና ሥራው በዕረፍት ወይም በሥራ ለውጥ እንዲቋረጥ ግዴታ ጥሏል። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር በኅዳር 2000 ያወጣው ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ደንብ፣ በመጋቢት 2001 በኮንግረስ ተሽሯል።

ካሊፎርኒያ የራሷ ደንብ አላት። ሆኖም ደንቡ በሥራ ላይ የሚውለው፣ አንድ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩት መካከል ከአንድ በላይ የሆኑ ሠራተኞች በ12 ወራት ውስጥ ከሥራው የመጣ ጉዳት ለአሠሪያቸው ሲያሳውቁና ይህም በሐኪም ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የአንዱ ዝምታ አጠገቡ የተቀመጠውንም ባልደረባ ጥበቃ ያሳጣዋል። በዚያው ግዛት ሠራተኛው ጉዳቱ ከሥራ የመጣ መሆኑን ካወቀ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ለአሠሪው ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ አሠሪውም በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ሊሰጠው ይገባል። የመኖሪያ ፈቃድ አለመኖር ይህን መብት አያስቀርም፤ ካሳ በመጠየቁ ሠራተኛውን መቅጣትም በሕግ የተከለከለ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ሕመሙን በጊዜ፣ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። የማኅበረሰብ ማኅበራት እነዚህን የጊዜ ገደቦች በአማርኛ ማስረዳት፣ ማመልከቻ በመጻፍም ማገዝ ይገባቸዋል። የሕግ አውጪዎች ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፦ ጥበቃው ሁለት ሰው እስኪጎዳ የሚጠብቅ ሳይሆን፣ ማንም ከመጎዳቱ በፊት የሚጀምር ሊሆን ይገባል።