ጎድሎ የተገኘው መለዮ

በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ አክስቴን ይዤ ሴንት ፖል ውስጥ ወዳለ የቆዳ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የሄድኩት አስተርጓሚ ሆኜ ነው። ብዙዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ የምትሠሩት ሥራ ነውና ታውቁታላችሁ።

አክስቴ ወገባቸውና ጭናቸው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ቦታዎች ከወጡባቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። አንዱ «ለምጽ ነው» አላቸው፤ ሌላው «ጭርት ነው» አለ። ቅባት ተቀቡ፤ አልጠፋም። በመጨረሻ ሐኪሟ ከቆዳቸው ትንሽ ናሙና ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ውጤቱ «ማይኮሲስ ፈንጎይደስ» የሚባል የቆዳ ሊምፎማ ሆነ። ስሙ ፈንገስ ፈንገስ ይላል እንጂ በሽታው ፈንገስ አይደለም። ስሙን ያወጣው አሊቤር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ የአንድ ታማሚ እብጠት እንጉዳይ ስለመሰለው።

ከዚያ ሐኪሟ «ቲ ሴሎቹ ሲዲ8 ናቸው፤ ሲዲ7 ግን ጠፍቷል» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?

ትንሽ አስቤ እንዲህ አልኩ። «አክስቴ፣ ነጭ የደም ሕዋሶች የሰውነት ወታደሮች ናቸው። ሁሉም መለዮ አላቸው። አንዳንዶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ላቦራቶሪው መለዮአቸውን ቀለም ቀብቶ ይለያቸዋል።»

መለዮ ያልኩት በሕዋሱ ላይ ያለውን ፕሮቲን ነው። ሲዲ3 የቲ ሴል ነው፤ ሲዲ20 የቢ ሴል። ከቲ ሴሎች ውስጥ ረዳቶቹ ሲዲ4፣ ገዳዮቹ ሲዲ8 አላቸው። በችፌም ጊዜ ቲ ሴሎች ቆዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ መገኘታቸው ብቻ ካንሰር ነው አያሰኝም። በዚህ ሊምፎማ ግን አንድ ዓይነት ሕዋስ ይበዛል፤ ሲዲ7ን የመሰለ መለዮም ብዙ ጊዜ ይጎድላል። በአብዛኛው የሚበዛው ሲዲ4 ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በብዛት የሚታየው ነጣ ያለው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ሲዲ8 ነው። መለዮው ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሞች የሕዋሱን መልክና ቆዳውንም አብረው ያያሉ።

ቲ እና ቢ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች መሆናቸውን ያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እዚሁ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማክስ ኩፐርና ሮበርት ጉድ ከባልደረባቸው ጋር ናቸው። የተመራመሩት በዶሮ ላይ ነበር። ይህን ስነግራቸው አክስቴ «በዶሮ?» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ነቀርሳ ነው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ነቀርሳ ካንሰር ማለት ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን ቲቢ ነው፤ ቲቢ ደግሞ ይተላለፋል። ለካ አክስቴ የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ ካቆሙ ወራት ሆኗቸዋል! ማንም አላስተዋለም። «ካንሰር ነው፤ ግን አይተላለፍም። ብዙ ጊዜም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው» አልኳቸው። ሐኪሟንም አስደገምኳቸው።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና አላቸው፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ትናንት ልወስዳቸው ስደርስ ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። «ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሺያት» አሉኝ።