ስለ አንድ አንጋፋ ክንድ

«ወሬው ሳይበርድ ሽጠው!» ይሉኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017፣ በሐምሌ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በምንጫወተው የፋንታሲ ቤዝቦል ጀስቲን ቨርላንደር የእኔ ነበረ፤ ይኸውም የዲትሮይት ታይገርሱ ወርዋሪ በሜዳ የሠራው ሁሉ በእኔ የምናብ ቡድን መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር ማለት ነው። (ይህን ጨዋታ በ1980 በኒውዮርክ የጀመሩት ጸሐፊው ዳንኤል ኦክረንትና ጓደኞቹ፣ አብዛኞቹ የብዕርና የኅትመት ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ፣ ኃጢአቱ ከእኛው ወገን ነው እላለሁ።)

ቨርላንደር ያን ጊዜ 34 ዓመቱ ነበር። በ2011 ዓመት 24 ጨዋታ አሸንፎ የሳይ ያንግን ሽልማትና የሊጉን ምርጥ ተጫዋችነት አንድ ላይ የወሰደ ሰው፣ በ2017 የመጀመሪያ አጋማሽ ግን በየዘጠኝ ኢኒንጉ በአማካይ ከ4 በላይ ነጥብ ይቆጠርበት ነበር። ክለቡም እየፈረሰ ነበር፤ በዓመት 28 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን አንጋፋ ለገበያ ማውጣቱ ዕለት ዕለት ይወራ ነበር።

ባልደረቦቼ ከዚህ ሁሉ አንድ ፍርድ አወጡ፦ «ክለቡ ሊሸጠው ከፈለገ አልቆለታል ማለት ነው»። ጠቤ ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ጭምጭምታ የሚነግረን ስለ ሻጩ ኪስ እንጂ ስለ ሰውየው ክንድ አይደለም። በሬውን ገበያ የሚያወጣ ገበሬ ሁሉ በሬው ስለ ደከመበት አያወጣም፤ ዕዳ የያዘውም፣ ልጅ የሚድረውም ያወጣል። ዲትሮይት በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ የተሸነፈ ክለብ ነበር፤ በወጣቶች እንደ አዲስ ሊጀምር ያለውን ይሸጥ ነበር። ገዢውስ ምን አይቶ ነው የሚጠይቀው? ይህን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሰውየው በ2016፣ ገና ባለፈው ዓመት፣ 254 መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቶ የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ ነበር። ኳሱም አሁንም በሰዓት 95 ማይል ትበር ነበር። ያለቀለት ክንድ እንዲህ ይወረውራል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ «ድል» የሚባለው ዐምድ ነው። ወርዋሪ ድል የሚጻፍለት ጓደኞቹ በዱላቸው ነጥብ ሲያመጡለት ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻ አስቆጥሮበት ተሸናፊ ተብሎ የሚሄድበት ቀን አለ። የራሱን የቨርላንደርን መዝገብ እንይ። በ2017 በዲትሮይት ሳለ አማካዩ 3.82 ነበረ፤ 10 አሸነፈ፣ 8 ተሸነፈ። በ2025 በሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ፣ በ42 ዓመቱ፣ አማካዩ 3.85 ነበረ፤ 4 አሸነፈ፣ 11 ተሸነፈ። የሦስት መቶኛ ልዩነት! ታዲያ በዚህ ዐምድ ሰው የሚመዝን ምኑን ነው የመዘነው?

አንድ ብቻ የማከብረው ክርክር ነበራቸው። የእኛ ጨዋታ አሜሪካን ሊግን ብቻ የሚቆጥር ስለ ነበር፣ ወሬው እንደሚለው ወደ ናሽናል ሊግ ከተሻገረ በእጄ የሚቀር ነገር አልነበረም። ይህ የጨዋታችን ሕግ ነው፤ ስለ ሰውየው አይፈርድም። ያስፈራኝም እሱ ነው። በነሐሴ አጋማሽ፣ ዛሬ ስሙን ማንም በማያነሣው አንድ ወጣት ለወጥኩት።

ነሐሴ 31 ሌሊት፣ የዝውውሩ ሰዓት ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ እምቢ የማለት መብት የነበረው ቨርላንደር እሺ አለና ወደ ሂዩስተን አስትሮስ ሄደ። አሜሪካን ሊግ ነው! በቀሩት ቀናት 5 ጊዜ ወረወረ፤ 5ቱንም አሸነፈ፤ አማካዩ 1.06 ነበር። ሂዩስተንም በዚያው ዓመት በታሪኩ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ፣ እነሱ ዎርልድ ሲሪስ የሚሉትን፣ ወሰደ። ከእኔ የገዛው ባልደረባዬ «ሽጠው!» ሲሉኝ ድምፁ ከሁሉም በርትቶ ይሰማ የነበረው ነው።

«ያ ዋንጫ የስርቆት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ሂዩስተን በ2017 የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ ለመቺዎቹ ያደርስ እንደ ነበር ሊጉ በጥር 2020 አረጋግጧል፤ አልክድም። ስርቆቱ ግን የረዳው የመቺዎቹን ዱላ ነው፤ ያጎደፈውም ያንኑ የምጠላውን የድል ዐምድ እንጂ 1.06ን አይደለም።

በ2023 ከኒውዮርክ ሜትስ ሊሸጥ ነው የሚለው ወሬ እንደገና ተነሣ። ናሽናል ሊግ ውስጥ ስለ ነበር ከእኛ ማንም አልያዘውም። ነሐሴ 1 ወደ ሂዩስተን መመለሱ ሲሰማ ስሙን ቀድሞ የጻፈ እኔ ነበርኩ። ያው ባልደረባዬ በማግሥቱ «ስንት ትላለህ?» አለኝ። አልሸጥም አልኩት። በ2024 አማካዩ 5.48 ወጣ፤ እኔም በዚያ ዓመት ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ።