ሳይገድሉ ጎፈሬ፤ ስለ ድል በዓል አከባበር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ስለ ድል በዓል አከባበር ከመናገራችን በፊት በዓሉ የቆመበትን መሠረት ማስታወስ ይገባናል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከስደት ተመልሰው ወደ ዋና ከተማቸው የገቡት በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ይህ ቀን ውርደትም ክብርም የተጻፈበት አንድ ገጽ ነው። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ቀን ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስለ ቀኑ ብዙ ክርክር ተደርጓል። እኛ ግን ዛሬ የምንከራከረው ስለ ቀኑ ሳይሆን በቀኑ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

የቀድሞው ትውልድ ይህን በዓል እንዴት ያከብረው እንደ ነበር በልጅነታችን ዐይተናል። በአራት ኪሎ ከድል ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል። አርበኞቹም ከየአውራጃው ተሰብስበው ይመጣሉ፤ አንዱ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ሌላው ጋሻና ጦሩን ይዞ፣ ሌላው በአሮጌ ካኪ ልብሱ ላይ ሜዳዩን ደርድሮ። ብዙዎቹም በዱር በቆዩበት ዘመን ያሳደጉትን ጠጉር እንደ ማዕረግ ይዘውት ይታዩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ከሰልፉ ይወጣል። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአለቃውን ስም ይጠራል፤ የተዋጋበትን ተራራና የተሻገረውን ወንዝ ይቆጥራል፤ ከጎኑ የወደቀውንም ጓደኛ ያነሣል።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። ያ ሰው ሲፎክር በዙሪያው የቆሙት አብረውት የዋሉ፣ አብረውት የተራቡ፣ አብረውት የቆሰሉ ሰዎች ናቸው። ከፍ አድርጎ ቢናገር «ያን ቀን አንተ የት ነበርህ?» የሚለው አያጣም። ስለዚህ ፉከራው ባዶ ድንፋታ ሳይሆን በሸንጎ ፊት የሚሰጥ የምስክርነት ቃል ነበር። ይህም አምስቱ የጠላት ዓመታት የወለዱት አዲስ ልማድ አይደለም፤ ተዋጊ ከዘመቻ ሲመለስ በአለቃው ፊት ግዳይ እየጣለ የሠራውን ሥራ መናገሩ የቆየ የአገራችን ሥርዓት ነው። አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለውን ምሳሌ የተናገሩት ክብርን ከሥራ፣ ንግግርንም ከእውነት ለይተው የሚይዙትን ለመንቀፍ ነው።

ዛሬስ? ዛሬ በዓሉ በደረሰ ጊዜ ጎፈሩ በኪራይ ይመጣል፤ ጋሻው ከካርቶን ተቆርጦ ቀለም ይቀባል፤ ፉከራውም በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ሕፃናቱ «ዘራፍ» ይላሉ፤ ነገር ግን ከዘራፍ በኋላ የማንን ስም እንደሚጠሩ አልተነገራቸውም። ሹሙም የተጻፈለትን ንግግር አንብቦ ይወርዳል፤ ንግግሩም «ጀግኖች አባቶቻችን» ከማለት አልፎ የአንድ አባት ስም፣ የአንዲት እናት ስም አይጠራም። ስም የሌለው ምስጋና ለማንም ያልተሰጠ ምስጋና ነው። እኛ ይህን በዓል ማክበር ብለን ልንጠራው አንደፍርም፤ የበዓልን ልብስ መልበስ ነው እንጂ።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ «ፉከራ በመግደል መመካት ስለ ሆነ በትምህርት ዘመን ይቅር» ይሉ ይሆናል። ለእነዚህ የምንመልሰው፣ የፉከራን ቃል ሰምታችሁ የፉከራን ፍሬ አልያዛችሁም ብለን ነው። ፍሬው መግደል ሳይሆን በሕዝብ ፊት ስለ ሥራ መጠየቅ ነው፤ ይህም ለተማረው ሰው ካልተማረው ይልቅ ያስፈልገዋል። ሌሎች ደግሞ «የወጣቱን ልብ የሚስበው ትርኢት ነው» ይላሉ። እኛ ትርኢትን አንጠላም፤ የቀድሞዎቹም ሰልፍ ለዐይን የሚያምር ነበር። ነገር ግን ትርኢቱ የምስክርነቱ ልብስ ነበር፤ ልብሱ ገላውን አውጥቶ ጥሎ ብቻውን ሲሄድ ማየት ያሳፍራል።

ይሁን እንጂ የቀድሞው ዘመን ጉድለት አልነበረበትም ብለን አንዋሽም። ከድል በኋላ ለጠላት አድረው የነበሩ ሰዎች ሹመት ማግኘታቸው ብዙውን አርበኛ አሳዝኗል። በጎጃም ጠላትን ሲያርበደብዱ የኖሩት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገራቸው መንግሥት ተሰቅለዋል፤ ስለዚህ በዓሉ ለአንዳንዱ አርበኛ ደስታና ኀዘን የተቀላቀሉበት ነበር። ዳግመኛም ዐደባባዩ ይበልጥ የሚያደምጠው ጋሻና ጦር የያዘውን ነው። በከተማ ተቀምጠው ለዱር አርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ያቀብሉ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ሥራቸው ምስጢር ስለ ነበረ ለፉከራ አልተመቸም። ሸዋረገድ ገድሌ ወደ ኢጣልያ ተግዘው ታስረው ከተመለሱ በኋላ ትግላቸውን ቀጥለዋል፤ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በጠላት ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። የእነዚህ ሁለት እናቶች ስም ተርፎልናል፤ ስንቅ ተሸክማ ሌሊት ገደል የወረደችው ገበሬ ሴት ስም ግን የት አለ? እንግዲህ ከቀድሞዎቹ ልንወርስ የሚገባን ምስክርነቱን ነው፤ ልንሞላው የሚገባን ደግሞ እነርሱ የተዉትን ክፍት ቦታ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ድሉ ከተገኘ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል፤ «ያን ቀን አንተ የት ነበርህ?» ብሎ የሚጠይቀው ጓደኛ ከፎካሪው ጋር ወደ መቃብር ወርዷል። የቀሩት ከአርበኞቹ አፍ በጆሯቸው የሰሙ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም አርጅተዋል። እነዚህ ሲያልፉ ጎፈሩ ይቀራል፤ ስሙ ግን ይጠፋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ለበዓሉ ካርቶን ከማስቆረጣችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ዘንድ ሄዶ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ቦታ ስም፣ የአንድ ሥራ ታሪክ ጽፎ እንዲያመጣ እዘዙ። የተጻፈውንም ሌላ የሰማ ሰው ካለ ጠይቃችሁ አጣሩ፤ የጓደኛው ጥያቄ ያን ጊዜ ቦታውን ያገኛል። ሹማምንት ሆይ፣ በመድረክ ላይ በቆማችሁ ጊዜ በምታስተዳድሩት ወረዳ የወደቁትን በየስማቸው ጥሩ። ተማሪዎችም ሆይ፣ «ዘራፍ» ከማለታችሁ በፊት የማንን ስም ልትጠሩ እንደ ቆማችሁ ዕወቁ።

ያን ጊዜ ጎፈሩ ከካርቶን ቢሆንም አናፍርበትም፤ ከሥሩ የሚጠራ ስም አለና።