ሞካ የሊሙ ልጅ

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእኔ ነው። ሊሙ ገነት ተወልጄ፣ ሊዮን ከተማ ውስጥ የሊሙን ቡና በ250 ግራም ከረጢት እገዛለሁ። ዘንድሮ ለእረፍት ስመጣ ከዚያው ከረጢት አንዱን ለአክስቴ ይዤ መጣሁ። ጓሯቸው ሙሉ ቡና ነው። አዩትና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔ ግን ያመጣሁት ለሳቅ ሳይሆን ለክስ ነበር። ከረጢቱ ላይ «ሞካ ሊሙ» ይላል። የቆየ አንባቢዬ «ደግሞ ጀመረው!» ማለቱ አይቀርም፤ ይበል። ሞካ የየመን ወደብ ነው። ቡና በዚያ በኩል ወደ አውሮፓ ሲጫን ስለኖረ፣ ፈረንሳዮች የእኛንም ሞካ ብለውት ቀሩ። የባሕር ዳር አሸዋ ቡና ያበቅላል እንዴ? አናውቅም ነበር እንዳይሉ፣ አንትዋን ዳባዲ የተባለ ሰዋቸው በ1843 እ.ኤ.አ. ሊሙ እናሪያ ድረስ መጥቶ የንጉሡ የአባ ባጊቦ እንግዳ ሆኗል። እርግጥ እሱም ቢሆን ግቤን የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ከእንግሊዙ ቻርልስ ቢክ ጋር የተሟገተ ሰው ነው። ግቤ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ እንደሚቀር ዛሬ ማንም ተማሪ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ልዘረግፍለት አንድ ጠዋት ሊዮን ውስጥ ከረጢቱን የሚሸጥልኝ ቡና ቆይ ሱቅ ዘው አልኩ። «ይህ ስም ስሕተት ነው!» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ቀስ አድርጎ፣ «ቦንዡር፣ ሙሴ» አለኝ። ክርክሩ እዚያው ላይ አበቃ። ፈረንሳይ አገር 11 ዓመት ኖሬ ሰላምታ መርሳቴ አሳፈረኝ። እዚያ ዳቦ የሚገዛ፣ አውቶቡስ የሚሳፈር፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ አስቀድሞ ቦንዡር ይላል። ሳይሉ የጠየቁት ነገር እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል። ሊሙስ ቢሆን? የሽማግሌ ደጅ ደርሶ እንዴት አደሩ ሳይል መጥረቢያ አውሱኝ የሚል ልጅ መጥረቢያውን ያገኛል? «አንተ» እና «እርስዎ»ንም እንደ እኛ ለይተው ያውቃሉ፤ የሰፈራችን ልጅ እዚያ ሄዶ ለትልቅ ሰው «ቩ» ለማለት አስተማሪ አያሻውም። «ፈረንሳዮች ትዕቢተኞች ናቸው» የሚሉኝ ወዳጆቼ ፓሪስ ሦስት ቀን ያደሩ፣ ሰላም ሳይሉ መንገድ የጠየቁ ናቸው። እነሱን እንለፋቸው።

እኔን የሚከፋኝ አጠጣጣቸው ነው። ባንኮኒ ተደግፎ፣ ብቻን፣ በሦስት ጉንጭ ጭልጥ! ብዙ ካፌ ውስጥ ተቀምጠው ከጠጡ ዋጋው ይጨምራል። እኛ ዘንድ ቆሞ ቡና ጠጥቶ የሄደ ሰው የቤቱን እመቤት እንደሰደበ ነው። ሊዮን ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ስድስት ዓመት ደረጃ ላይ ቦንዡር ስንባባል፣ የቤቷን ምንጣፍ ቀለም እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ እሑድ ቡናዬን ቆላሁና በሯን አንኳኳሁ። ደንግጣ ከፈተች፤ «ምን ፈነዳ?» አለችኝ፣ ውሃ የፈሰሰ መስሏት። ቡና ጠርቻት መሆኑ ሲገባት መጣች፤ አቦሉን ጠጥታ አመስግና ተነሣች። ቶናና በረካ ይቀራል ስላት ኮቷን መልሳ አወለቀች። ከበረካው በኋላ ስለ ሟች ባሏ ስታወራኝ መሸ። አሁን በየጊዜው ትመጣለች። በቀጠሮ ነው እርግጥ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀን ካልቆረጥን አይሆንላትም።

ይህን ለአክስቴ ሳጫውታቸው ረከቦቱ ቀርቦ፣ ያ ከረጢት ተፈልቶ ነበር። ክሴን ደግሜ አሰማሁ፤ ወደቡን፣ ዳባዲን፣ የስሙን ግፍ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«እስቲ ስሙን ድገምልኝ።»

«ሞካ ሊሙ።»

«እና አባቱ ሊሙ ነዋ! ምን ያንጨረጭርሃል የኔ ልጅ? ለልጁማ የፈለጉትን ያውጡለት።»

መልስ አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከረጢቱን ያነበብኩት ለካ እንደ ፈረንሳይ ነው። አክስቴ ሲኒያቸውን አንሥተው አንዴ ፉት አሉ፤ ፊታቸውንም አጨማደዱ።

«ስሙስ ደግ ነው» አሉ። «ልጁን ግን አሳርረውታል።»